በግብ ክፍያ የሄደ ዋንጫ

ግንቦት 16 ቀን 2006 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2014) ቅዳሜ ነበር። አብዛኛው የስፖርት ተመልካች ያን ዕለት የሚያስታውሰው በሊዝበን ነው፤ ሪያል ማድሪድ የከተማ ጎረቤቱን አትሌቲኮን በጭማሪ ሰዓት ረትቶ የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳበት ቀን። በዚያው ዕለት በጀርመን፣ እርስ በርስ በማይተያዩ ሁለት አዳራሾች ውስጥ፣ ከዚያ የማይተናነስ ትንቅንቅ ተካሂዷል። የእጅ ኳስ ቡንደስሊጋው የመጨረሻ ቀን ነበር። ከነሐሴ ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ውድድር፣ 18 ክለቦች፣ ለእያንዳንዳቸው 34 ጨዋታ፤ ያ ሁሉ ተጫውቶ የቀረው ስሌት የግብ ክፍያ ብቻ ሆነ።

ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ኪል እና ራይን ኔካር ሎቨን እኩል 57 ነጥብ ይዘዋል። በዚህ ሊግ ያሸነፈ 2፣ አቻ የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል፤ ከ66 ሊገኝ ከሚችለው ነጥብ ሁለቱም የጣሉት ዘጠኝ ብቻ ነው። ሎቨን ማለት በጀርመንኛ አንበሶች ማለት ነውና፣ አንበሶቹ በግብ ክፍያ በሰባት ግብ ይበልጡ ነበር። በእግር ኳስ ሰባት ግብ ትልቅ ተራራ ነው። በእጅ ኳስ ግን በአንድ ክፉ ሩብ ሰዓት የሚናድ ግድግዳ ነው።

ኪል በባልቲክ ባሕር ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት፤ ክለቧም የጀርመን እጅ ኳስ ባለጸጋ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2011/12 የውድድር ዘመን (ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)፣ 34 ጨዋታ ተጫውቶ 34ቱንም አሸንፏል፤ 68 ነጥብ ከ68። በ2013 ክረምት ግን ያ ቡድን ተበተነ። ግብ ጠባቂው ቲየሪ ኦሜየር፣ ዳንኤል ናርሲስ እና ሞሚር ኢሊች ወደ ሌሎች ክለቦች ሄዱ፤ አምበሉ ማርኩስ አልም ጫማውን ሰቀለ። አሰልጣኙ አልፍሬድ ጊስላሶን በፊሊፕ ዪካና በወጣቱ አሮን ፓልማርሶን ዙሪያ ቡድኑን እንደገና ማዋቀር ነበረበት።

አንበሶቹ የመጡት ከሌላ ዓለም ነው። ክሮናው እና ኦስትሪንገን የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ቦታዎች ክለቦቻቸውን በ2002 አዋህደው የጀመሩት ቡድን ነው፤ በኋላ ወደ ማንሃይም ትልቅ አዳራሽ ተሻገረ፣ ስሙንም ቀየረ። በ2013 በአውሮፓ ሁለተኛ ደረጃ ያለውን ዋንጫ ወስዷል፤ የሊጉን ሻምፒዮንነት ግን አንድም ጊዜ አልቀመሰም። በ2013/14 የውድድር ዘመን በግብ ዴንማርካዊው ኒክላስ ላንዲን፣ በግራ ክንፍ የአካባቢው ልጅ ኡቨ ጌንስሃይመር፣ በመሃል ደግሞ ጨዋታውን የሚያቀናብረው ስዊዘርላንዳዊ አንዲ ሽሚድ ነበሩለት። ሽሚድን ሲጫወት ያየ ሰው፣ ይህን ጨዋታ በትከሻ ጉልበት ብቻ ማሸነፍ እንደማይቻል ይገባዋል። አንድ እርምጃ ዘግየት ይላል፣ ተከላካዩ ይወጣለታል፣ ኳሷ ግን በተከላካዩ ጀርባ አልፋ መስመር ላይ ከቆመው ጓደኛው እጅ ትገባለች።

ኪል በሜዳው የበርሊንን ቡድን፣ አንበሶቹ ከኮሎኝ በስተምሥራቅ ባለችው ጉመርስባህ ከተማ የከተማዋን ክለብ ገጠሙ። ከአራቱ አሰልጣኞች ሦስቱ የአይስላንድ ሰዎች መሆናቸው ይገርመኛል፤ የኪሉ ጊስላሶን፣ የአንበሶቹ ጉድሙንዱር ጉድሙንድሶን፣ የበርሊኑ ዳጉር ሲጉርድሶን። ያኔ አይስላንድ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ከ330 ሺህ የማይበልጥ ነበር። ጉድሙንድሶን በ2008 ይህችን ደሴት በቤጂንግ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ ያስገኘላት ሰው ነው።

አንበሶቹ አሸነፉ። 40 ለ 35። አርባ ግብ አስቆጥሮ ዋንጫ ማጣት እንዴት ይሆናል የሚል ሰው፣ ሁለተኛውን ቁጥር ይመልከት። ጉመርስባህ 35 ጊዜ ላንዲንና ጓደኞቹ በሚጠብቁት መረብ ውስጥ አስገብቷል። በኪል ደግሞ ባለሜዳው በርሊንን 37 ለ 23 ደቆሰው። ኪል በ14፣ አንበሶቹ በ5 ግብ አሸነፉ፤ የዘጠኝ ግብ ፈቀቅታ ማለት ነው። ሰባቱ ብልጫ ተበልቶ ሁለት ተረፈ። በእነዚያ ሁለት አዳራሾች ብቻ በአንድ ሰዓት 135 ግብ ተቆጥሯል፤ የአንድ ዓመት ልፋት የተለየው በሁለቱ ነው። ሁለቱም 59 ነጥብ፣ ሁለቱም በድል የጨረሱ፣ ሻምፒዮኑ ግን ኪል።

በእጅ ኳስ ልዩነት እንዴት እንደሚሰፋ ላስረዳ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ግብ የገባበት ቡድን ኳሷን ከመሃል ወዲያው ማስጀመር ይችላል፤ ተጋጣሚው ደስታውን ሳይጨርስ አጸፋው ይመጣበታል። የ2 ደቂቃ ቅጣት ያገኘ ተጫዋች ወጥቶ ቡድኑ በአንድ ሰው ሲጎድል፣ ሁለትና ሦስት ግብ በተከታታይ ሊገባበት ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ተጋጣሚው ጨዋታው እንዳለቀ በልቡ ሲቀበል ነው። ወደ ኋላ የሚመለስበት ሩጫ በአንድ እርምጃ ይዘገያል። የ5 ግብ ልዩነት 10 ለመሆን ብዙ ደቂቃ አይፈልግም።

ስለዚህ የግብ ክፍያ በዚህ ስፖርት የሚለካው የአሸናፊውን ብርታት ብቻ አይደለም፤ የተሸናፊውንም ቀሪ ወኔ ይለካል። በርሊን ከዚያ በፊት የጀርመንን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ፍሌንስቡርግን 22 ለ 21 አሸንፎ ወስዶ ነበር፤ የዓመቱን ዋንጫ በእጁ ይዟል። በርሊን ለቀቀ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ጥርጣሬ የሚያነሳሳ ሕግ መኖሩ ግን ለበርሊንም፣ ለኪልም፣ ለአንበሶቹም በደል ነው። ሁሉም ሕጉን ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር፤ ኪልም ዋንጫውን የወሰደው በንጹሕ ሥራ ነው። እኔ ግን አሰልጣኝ በሰፊ ልዩነት ሲመራ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ የ19 ዓመት ልጅ ቀይሮ የሚያስገባበትን ሊግ እመርጣለሁ። የግብ ክፍያ ያን ልጅ ወንበር ላይ ያስቀረዋል፤ እሱ የሚስታት አንዲት ኳስ በግንቦት ልትቆጠር ትችላለችና።

የዚያ ዓመት መዘዝ በዚያ አላበቃም። ከስምንት ቀን በኋላ በኮሎኝ የአውሮፓ ቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ኪል በጎረቤቱ በፍሌንስቡርግ 30 ለ 28 ተሸነፈ።    

አንበሶቹ በሁለት ግብ ዋንጫ ያጡበትን ቁስል ሁለት ዓመት ተሸከሙት። በ2016 የመጀመሪያውን፣ በ2017 ሁለተኛውን የሊግ ዋንጫ አነሱ። ያኔ ላንዲን አብሯቸው አልነበረም፤ በ2015 ወደ ኪል ሄዷል።

ሕጉም ተቀየረ። በነጥብ እኩል የሆኑ ቡድኖች በእርስ በርስ ግንኙነታቸው ውጤት ይለያዩ ተባለ። አዲሱ ሕግ የሚፈተንበት ዕድል በ2021 መጣ። ኮሮና የቀደመውን ውድድር ስላቋረጠና የወረደ ክለብ ስላልነበረ ሊጉ 20 ክለብ ነበረው፤ 38 ጨዋታ። ሰኔ 20 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በመጨረሻው ቀን፣ ኪል ፍሌንስቡርግን በአንድ ነጥብ እየመራ ለመጨረሻ ጨዋታው የሄደው ወደ ማንሃይም ነበር። ወደ አንበሶቹ ቤት።

የኪል አሰልጣኝ በ2014 ለኪል ሲጫወት የነበረው ዪካ ነበር። የኪል ግብ ጠባቂ ላንዲን ነበር፤ በ2014 የአንበሶቹን ግብ ይጠብቅ የነበረው። በ2014 ለኪል ግብ ይቆም የነበረው ስዊድናዊ አንድሬአስ ፓሊካ ደግሞ በ2021 የአንበሶቹ ነበር። ሽሚድ ያኔም እዚያው ነበር፤ ጌንስሃይመርም ከፓሪስ ተመልሶ ነበር። አንበሶቹ ቢያሸንፉ፣ በአንዲት ግብም ቢሆን፣ ዋንጫው ወደ ፍሌንስቡርግ ይሄድ ነበር። ፍሌንስቡርግ የራሱን ጨዋታ አሸንፏል።

በማንሃይም 25 ለ 25 ተጠናቀቀ። ኪልና ፍሌንስቡርግ እኩል 68 ነጥብ ያዙ፤ በእርስ በርስ ግንኙነት ኪል ተሻለ። ሻምፒዮንነቱንም የተቀበለው በማንሃይም ወለል ላይ ነው።