የበርበሬ የቫይረስ በሽታና የፍግ ድርሻ

በርበሬ በማዕዳችን ላይ ያለው ስፍራ ማብራሪያ አያሻውም። በማረቆ፣ በሃላባ ወይም በባኮ ለሚኖር አርሶ አደር ግን በርበሬ ከቅመምነቱ በላይ ነው፤ የልጆች ደብተርና ልብስ የሚገዛው፣ ዕዳም የሚከፈለው ከሽያጩ ነው። ስለሆነም ቅጠሉ ተዥጎርጉሮ ሲጨማደድና ተክሉ ሲቀጭጭ ጉዳቱ ከማሳው አልፎ ቤት ይገባል። «ፍግ የጠገበ በርበሬ ቫይረስ አይነካውም» የሚለው አባባል ተስፋ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ የአባባሉን እውነትነት እንመረምራለን።

የቫይረሱ ጠባይ

በኢትዮጵያ በርበሬን ከሚያጠቁ ቫይረሶች መካከል የድንች ቫይረስ ዋይ የተባለውና በአገራችን ስም የሚጠራው የኢትዮጵያ በርበሬ አዥጎርጓሪ ቫይረስ ይገኙበታል። ሁለቱም ፖቲቫይረስ ከሚባለው ወገን ናቸው። የድንች ቫይረስ ዋይ ርዝመቱ 730 ናኖሜትር፣ ውፍረቱ 11 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ተጣጣፊ ክር ነው። አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት 1,370 ያህል ቅንጣቶች ጫፍ ለጫፍ መቀጠል አለባቸው።

ይህ ክር የራሱ ሕዋስ የለውም፤ የሚራባው በተክሉ ሕዋስ መሣሪያ ነው። በመሆኑም ተክሉን ሳይጎዳ ቫይረሱን ከማሳ የሚያጠፋ መድኃኒት ለገበሬ የለም። ከተክል ወደ ተክል የሚያሸጋግሩት ክሽክሽ የሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ክሽክሽ የታመመውን ቅጠል ለጥቂት ሴኮንዶች ወግቶ ቫይረሱን ይይዛል፤ ጤነኛውንም እንዲሁ በአጭር ጊዜ ይበክላል። ፀረ ተባይ ነፍሳቱን እስኪገድል ድረስ በሽታው ተላልፎ ያድራል።

ፍግ የሚችለውና የማይችለው

ከዚህ እንደምንረዳው ፍግ ቫይረስን አይገድልም። ሆኖም በደንብ የተብላላ ፍግ የአፈርን ውሃ የመያዝ አቅም ያሻሽላል፤ ሥሩም በቀላሉ እንዲሰራጭ ይረዳል። በውሃና በምግብ እጦት ያልተጎዳ ተክል ቢያዝም የተሻለ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። ይህ በሽታን መታገሥ እንጂ መከላከል አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ በአፈር ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በኪያርና በቲማቲም ላይ የወጣ የምርምር ውጤት፣ አንዳንድ የሥር ባክቴሪያዎች የተክሉን መከላከያ ቀስቅሰው የኪያር ሞዛይክ ቫይረስን ጥቃት እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ይሁን እንጂ እነዚያ ተመርጠው የተራቡ ባክቴሪያዎች ነበሩ፤ ማንኛውም ፍግ ያንኑ ይሠራል ማለት አይደለም።

ፍግ ጉዳትም ሊያመጣ ይችላል። ያልተብላላ ፍግ በብዛት ሲጨመር ናይትሮጅን ይበዛል፤ ቅጠሉም ለስላሳና ጭማቂያማ ሆኖ ለክሽክሽ መራቢያ ይመቻል። ከዚህም ሌላ ቶባሞቫይረስ የሚባሉት የበርበሬ ቫይረሶች እጅግ ጽኑ ናቸው። የብስባሽ ክምር ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ከእነዚህ ቫይረሶች አንዳንዶቹ እስከ 90 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት ከዚሁ ወገን የሆነ የበርበሬ ቫይረስ በሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ተገኝቶ ተክልን ሊበክል እንደቻለ አረጋግጧል። ስለዚህ የታመመ የበርበሬ ተክል ለበርበሬ ማሳ በሚዘጋጅ ብስባሽ ውስጥ መጨመር የለበትም።

መጠኑንም እናስላ። ከ100 ኪሎ ግራም ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይገኛል። ደረቅ የከብት ፍግ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ናይትሮጅን አለው ብንል፣ ይህንኑ ለማግኘት ከ23 እስከ 46 ኩንታል ፍግ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ውስጥ በመጀመሪያው ወቅት ለተክሉ የሚደርሰው በከፊል ነው። ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ በሚገባበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም።

ብርሃንና ክሽክሽ

በበረራ ላይ ያለ ክሽክሽ ማረፊያውን የሚመርጠው በአብዛኛው በዓይኑ ነው። አረንጓዴ ችግኝ ከጠቆረ ባዶ አፈር ላይ ጎልቶ ይታየዋል። መደቡ በገለባ ሲጎዘጎዝ ንፅፅሩ ይቀንሳል፤ የሚያርፈውም ክሽክሽ ያንሳል። ብርማ ፕላስቲክ ደግሞ የሰማይን አልትራቫዮሌት ጨረር መልሶ በማንፀባረቅ በራሪውን ያደናግረዋል። እንግዲህ ፍግ ከአፈር በታች፣ ገለባ ከአፈር በላይ የተለያየ ሥራ አላቸው።

በዚህ ላይ ችግኝ መደብን በስስ መረብ መሸፈን፣ በማሳው ዙሪያ በቆሎ አስቀድሞ መዝራት፣ ምልክት ያሳየውን ተክል ወዲያው መንቀል፣ እንደ አውጥ ያሉ የበርበሬ ዘመድ አረሞችን ማጥፋት ያስፈልጋል። በቆሎ የሚጠቅመው ክሽክሹ ቅጠሉን ሲወጋ አፉ ላይ የያዘውን ቫይረስ እዚያው ስለሚያራግፍ ነው።

አባባሉን ለመፈተን የሚሻ ተማሪ ማሳውን በስምንት እኩል መደቦች ይክፈል፤ በዕጣ ለአራቱ የተብላላ ፍግ ይስጥ፣ አራቱን ያለ ፍግ ይተው። ዘሩ፣ የተከላው ቀንና ውሃው አንድ ይሁን። በየሳምንቱ የታመሙትን ተክሎች ይቁጠር፤ በመጨረሻም ምርቱን ይመዝን። የታመሙት ቁጥር እኩል ሆኖ ምርቱ ከበለጠ ፍጉ ያስገኘው ትዕግሥትን ነው፤ የታመሙት ካነሱ ግን በእርግጥ መከላከያ ሆኗል ማለት ነው። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ገበሬ ፍጉን ለአፈሩ፣ መረቡንና ገለባውን ለክሽክሹ ያውላል።