የፉኩሺማ ሲዚየም የት ደረሰ?

ሲያትል ውስጥ አሳ መሸጫ ነው የምሠራው። ጾም ሲገባ አበሻ ደንበኞቼ ይበዛሉ (በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ እተወዋለሁ)። ባለፈው አንዲት እናት የሳልሞኑን ዓይን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ “ልጄ፣ ይኼ የጃፓኑ ጨረር የለበትም?” አሉኝ። እኔ ግን “ስንት አለበት?” ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጃፓንን የመታው ርዕደ መሬት ያስነሣው ሱናሚ የፉኩሺማ ዳይቺ ኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያን መጠባበቂያ ጄኔሬተሮች አጥለቀለቀ። ማቀዝቀዣው ቆመ፤ የሦስት ሪአክተሮች እምብርት ቀለጠ። ለማብረድ የፈሰሰው ውሃ ሲዚየም የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተሸክሞ ባሕር ገባ፤ በአየር የተበተነውም ባሕሩ ላይ ረገፈ። መጋቢት 28 ቀን ከጣቢያው መውጫ አጠገብ በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ 68 ሚሊዮን ቤክሬል ገደማ ሲዚየም-137 ተለካ። ቤክሬል ማለት በሰከንድ አንድ አቶም ሲፈርስ ነው። ከአደጋው በፊት በፓስፊክ የነበረው፣ ከድሮ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች የተረፈው፣ ከ1 እስከ 2 ቤክሬል ነበር።

ከዚያ ኩሮሺዮ የሚባለው ሞቃት የባሕር ጅረት ወደ ምሥራቅ ይዞት ሄደ። መንገዱ ረጅም፣ ባሕሩም ጥልቅ ስለሆነ እየሳሳ ሄደ። የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተመራማሪው ኬን ቢዩስለር የባሕር ዳር ነዋሪዎች ውሃ ቀድተው እንዲልኩለት አደረገ። በየካቲት 2007 ዓ.ም. ካናዳ፣ ዩክሉሌት ከተቀዳው ውሃ በሜትር ኩብ 1.4 ቤክሬል ሲዚየም-134 እና 5.8 ቤክሬል ሲዚየም-137 ተገኘ። ሲዚየም-134 በየሁለት ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ የቦምቦቹ ቅሪት ድሮ አልቋል፤ ከተገኘ የፉኩሺማ ነው። መጠኑን ለማነጻጸር፦ የባሕር ውሃ ከጥንትም በሜትር ኩብ 12,000 ቤክሬል ያህል የተፈጥሮ ፖታሲየም-40 አለው።

የሚገርመው አሳው ውሃውን መቅደሙ ነው። በነሐሴ 2003 ዓ.ም. ሳን ዲዬጎ አካባቢ የተያዙ ብሉፊን ቱናዎች ጃፓን አካባቢ የዋጡትን ሲዚየም ይዘው ተገኙ፤ ያም ቢሆን በሥጋቸው ካለው የተፈጥሮ ጨረር በጣም ያነሰ ነበር። ከጣቢያው ወደብ ውስጥ በ2005 ዓ.ም. የተያዘው አሳ ግን በኪሎ 740,000 ቤክሬል ነበረው፤ የጃፓን ገደብ 100 ነው። እዚያ ሲዚየሙ ከታችኛው ደለል ጋር ስለሚጣበቅ፣ ከሥር የሚኖር አሳ ቶሎ አይጠራም። እንዲህ ያለውን አሳ በነፃ ቢሰጡኝም አልሸጥም።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጃፓን በጣቢያው ተጠራቅሞ በማጣሪያ የታከመውን ውሃ አቅጥና ወደ ባሕር ትለቃለች። ማጣሪያው ትሪቲየም የተባለውን ጨረር አመንጪ ሃይድሮጅን አያስወግድም። ትሪቲየም ራሱ ደካማ ጨረር ስላለው ብዙም አያሳስበኝም። ሥራው አሥርት ዓመታት የሚፈጅ በመሆኑ ግን፣ ውሃውን የሚለቀው አካል ብቻውን እንዳይለካ እፈልጋለሁ።