የአየር ጠባይ ካርታ እንዴት ይነበባል?

ከማታው ዜና ቀጥሎ የሚቀርበው የአየር ጠባይ ካርታ ለማንም ግልጽ ነው፤ ጎንደር ላይ ፀሐይ፣ ጅማ ላይ ደመናና ጠብታ፣ ድሬዳዋ ላይ 34 ዲግሪ። ትንበያውን የሠሩት ባለሙያዎች ያዩት ካርታ ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ፀሐይም ደመናም አልተሣለም፤ የተጠማዘዘ መስመር፣ ቁጥርና ጭረት ሞልቶታል። ሲያዩት ግራ ያጋባል እንጂ ሕጎቹ ጥቂት ናቸው።

ካርታው ጥቅም ላይ የዋለው ቴሌግራፍ ከመጣ በኋላ ነው። በብዙ ከተሞች በአንድ ሰዓት የተለካው ግፊትና ሙቀት በቶሎ አንድ ቦታ ካልተሰበሰበ፣ ካርታው ተሥሎ እስኪያልቅ አየሩ ተለውጦ ይጠብቃል። በጋዜጣ የወጣው የመጀመሪያው ካርታ እንኳ የነገን አየር አልተናገረም፤ ፍራንሲስ ጎልተን አዘጋጅቶት ኤፕሪል 1 ቀን 1875 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ዘ ታይምስ ላይ የታተመው የትናንቱ አየር ነበር።

የካርታው አጥንት የእኩል ግፊት መስመሮች ናቸው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት በአማካይ 1013 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው (የድሮ ሰዎች ሚሊባር ይሉታል)። ግፊታቸው እኩል የሆኑ ቦታዎች በአንድ መስመር ይያያዛሉ፤ ብዙ ጊዜ በየ4 ሄክቶፓስካሉ አንድ መስመር ይሠመራል። አንባቢው ትኩረቱን ከቁጥሩ ይልቅ በመስመሮቹ መቀራረብ ላይ ቢያደርግ ይሻላል። በከፍታ ካርታ ላይ መስመሮች ሲጠጋጉ ቁልቁለቱ ይበረታል፤ እዚህም ሲጠጋጉ ነፋሱ ይበረታል። ዝቅተኛ ግፊት ባለበት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሠራል። ከፍተኛ ግፊት ባለበት ደግሞ ወደ ታች ስለሚወርድ ሰማዩ ይጠራል። ነፋሱ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው በቀጥታ እንዳይሮጥ የምድር መሽከርከር ያጣምመዋል። ሆላንዳዊው ባይስ ባሎት በ1857 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው ዝቅተኛው ግፊት በግራው በኩል ይሆናል።

አሁን አንድ ጣቢያ በቅርብ እንይ። ለንደን ላይ ሙሉ በሙሉ የጠቆረ ትንሽ ክብ አለ እንበል፤ ሰማዩ በደመና ተሸፍኗል ማለት ነው። ከክቡ ወደ ደቡብ ምዕራብ አንድ ዘንግ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ጭረት አለ። ረጅሙ 10፣ አጭሩ 5 ኖት ስለሆነ ነፋሱ 15 ኖት ነው፤ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዘንጉ የሚያሳየው ነፋሱ የመጣበትን አቅጣጫ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከክቡ በስተግራ ከላይ 16፣ ከታች 14 ተጽፏል። ላይኛው የአየሩ ሙቀት ነው፤ ታችኛው የጤዛ ነጥብ፣ ማለትም በአየሩ ውስጥ ያለው ተን ወደ ጠብታ መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት። ሁለቱ እንዲህ ሲቀራረቡ አየሩ ረጥቧል። በመካከላቸው ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ነጥቦች ሳያቋርጥ የሚጥል ቀላል ዝናብ ናቸው፤ በቦታቸው ሦስት አግዳሚ መስመሮች ቢኖሩ ጭጋግ ይሆን ነበር። በስተቀኝ ከላይ ያለው 987 ደግሞ 998.7 ሄክቶፓስካል ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል መነሻውና ነጥቡ ይተዋሉ። 087 ቢሆን ኖሮ 1008.7 ተብሎ ይነበባል። ከሥሩ 23፣ ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ያለበት፣ ግፊቱ ባለፉት ሦስት ሰዓታት በ2.3 ሄክቶፓስካል መውረዱን ይነግረናል። ከነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ሌሎቹ አሁን ያለውን ሲናገሩ እሱ የሚመጣውን ይጠቁማል።

በካርታው ላይ ሌሎችም መስመሮች አሉ፤ ቀዝቃዛና ሞቃት አየር የሚገናኙባቸውን ድንበሮች የሚያሳዩ ባለጥርሶች። እነዚህን የኖርዌዩ ቪልሄልም ቢየርክነስ፣ ልጁ ያኮብና ባልደረቦቻቸው በቤርገን ከተማ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ያመጡት አስተሳሰብ ወልዷቸዋል። ሰማያዊ ሦስት ማዕዘኖች የተደረደሩበት እየገፋ የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ነው፤ ቀይ ግማሽ ክቦች ያሉበት ደግሞ ሞቃት አየር። ጥርሶቹ አየሩ የሚገፋበትን አቅጣጫ ያሳያሉ። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሰማያዊውን መስመር ሳያውቁትም ያውቁታል፤ በአገሩ በጋ ከሰዓት በኋላ በነጎድጓድ ያልፍና ወበቁን ጠራርጎ ይሄዳል።

ኢትዮጵያ ላይ ግን እነዚህን ባለጥርስ መስመሮች የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል። በሐሩር ክልል ጎን ለጎን ያሉ አየሮች የሙቀት ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ ወደ ምድር ወገብ ሲጠጉም የምድር መሽከርከር ነፋስን የማጣመም ኃይሉ ይደክማል። የእኩል ግፊት መስመሮችም ቢሆኑ እምብዛም አይረዱንም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ባሮሜትሯ የሚያነበው 770 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። ያንን ወደ ባሕር ወለል ለመመለስ ከእግራችን ሥር ያለውን ተራራ እንደ አየር ቆጥሮ ማስላት ያስፈልጋል፤ ውጤቱም የዚያኑ ያህል የማያስተማምን ነው።

ስለዚህ የእኛ ባለሙያዎች በከፍታ የተከፋፈሉ የነፋስ ካርታዎችን ያነባሉ። የ850 ሄክቶፓስካሉ ካርታ 1,500 ሜትር አካባቢ ያለውን ያሳያል፤ በደጋው ላይ ሲያልፍ በዓለት ውስጥ ስለሚሄድ እዚያ 700ው፣ 3,000 ሜትር ገደማ ያለው፣ ይታያል። በእነዚህ ካርታዎች ላይ መስመሮቹ ነፋሱ የሚፈስበትን ይከተላሉ፤ ተሰባስበው በሚገናኙበት አየሩ ወደ ላይ ይገፋል፣ እርጥበት ካለው ይዘንባል። በሐምሌ 850ውን የገለጠ ሰው በደቡባዊ ሕንድ ውቅያኖስ ካለው የማስካሪን ከፍተኛ ግፊት የተነሣው ነፋስ ምድር ወገብን ተሻግሮ የሶማሊያን ጠረፍ እየታከከ ሲገሰግስ ያያል። ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚበር ፈጣን ነፋስ አለ፤ እሱ ሲበረታ ክረምታችን ብዙ ጊዜ ይሰምራል።

ገበሬውን በቀጥታ የሚነካው የወቅት ትንበያ ካርታ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በእሱ ነው። በየአካባቢው ሦስት ቁጥሮች ይቀመጣሉ፣ ለምሳሌ 45፣ 35፣ 20። 45 ከመቶ የተባለው ዝናቡ ከመደበኛው በላይ የመሆን ዕድል ነው፤ የዝናቡ መጠን አይደለም። 35 ከመቶው መደበኛ የመሆን፣ 20 ከመቶው ደግሞ ከመደበኛው በታች የመሆን ዕድል ስለሆነ፣ ከአምስት እንዲህ ያሉ ዓመታት በአንዱ ዝናቡ ቢያንስ ትንበያው ውሸት ነበር አያሰኝም። መደበኛውም የየቦታው ነው፤ በአረንጓዴ፣ ማለትም ከመደበኛው በላይ ተብሎ፣ የተቀባ አፋር ከመደበኛው በታች ከተባለው ከጎሬ ያነሰ ዝናብ ያገኛል። በክረምቱ ካርታ ላይ ቦረና ያለ ቀለም ቢቀር ባለሙያው ረስቶት አይደለም፤ የቦረና ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ ክረምቱ ለእሱ ደረቅ ወቅት ነው።