ስለ ጉሊት ሻጮችና ስለ ገበያችን ንጽሕና

በጎንደር ከተማ ቅዳሜ ገበያ በሚባለው ስፍራ ማለዳ ቆሞ የሚመለከት ሰው፥ ከተማይቱ በሳምንቱ የምትመገበውን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ያያል። የደምቢያው ሽምብራና ጤፍ፥ የወገራው ገብስና ድንች፥ ቅቤው፥ በርበሬው፥ ጌሾው፥ ሸክላው በየተራው ይደረደራል። ከሻጮቹ መካከል ሱቅ ያለው ጥቂቱ ነው። የሚበዙት አንድ ጆንያ በመሬት ላይ አንጥፈው ሽንኩርትና ቲማቲም፥ ቃሪያና ዝንጅብል በመደብ በመደብ አድርገው የሚቸረችሩት፥ አብዛኛዎቹም ሴቶች የሆኑት የጉሊት ሻጮች ናቸው።

ስለ ገበያ ንጽሕና በተነጋገርን ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በእነዚሁ ላይ ነው። «ምግብ ከመሬት ላይ ያስቀምጣሉ፤ እጃቸውን አይታጠቡም፤ ሲመሽ ቆሻሻውን ጥለው ይሄዳሉ» ይባላል። ነገሩ ሐሰት ነው አንልም፤ እኛም የጤና ሠራተኞች በትምህርት ጊዜ ይህንኑ ደጋግመን ተናግረናል። ነገር ግን ሰውን ከመውቀስ አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር የሚገባ ስለ ሆነ፥ በዚህ ወር ጽሑፋችን ከተማ የጉሊት ሻጩን የሚይዝበት አያያዝ በሕዝብ ጤና ላይ ምን እንደሚያመጣ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ስለ ጆንያው እንናገር። በአገራችን በብዙ ከተሞች እንደሚታየው፥ ቋሚ ቦታ ያልተሰጣት ሻጭ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ዕቃዋን ሰብስባ መሮጥ አለባት። ስለዚህ የምትመርጠው አራቱን ጫፍ በአንድ እጅ ጨብጣ ብድግ ልታደርገው የምትችለውን ጆንያ ወይም ላስቲክ ነው። ነገ በዚያው ስፍራ መቀመጧን የማታውቅ ሴት ጠረጴዛ አታሠራም፤ ጥላ አትተክልም፤ የቆሻሻ ቅርጫትም ይዛ አትመጣም። ምግቡን ከመሬት ላይ ያዋለው እንግዲህ ስንፍናዋ ሳይሆን ስጋቷ ነው። ዕቃዋ የተወረሰባት እንደ ሆነ ደግሞ የጠፋውን ገንዘብ ለመመለስ ስትል በማግስቱ የምትገዛው ርካሹንና መበላሸት የጀመረውን አትክልት ነው፤ እርሱንም የምንበላው እኛው ነን። ክረምት ሲገባ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ በየሜዳው የተጣለውን ዓይነ ምድር እየጠረገ በዚያ ጆንያ ሥር ያልፋል።

ሁለተኛው ነገር ውኃ ነው። የጎንደር ነዋሪ ስለ ውኃ ችግር ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም። ከተማይቱ ለብዙ ዓመታት የኖረችበት የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፥ የሕዝቡ ቁጥር ግን እየጨመረ ሄዷል። በየቤታችን ቧንቧው በተራ የሚመጣ ከሆነ፥ ከማለዳ እስከ ምሽት በገበያ የምትውለው ሴት ከወዴት ቀድታ ትታጠብ? አንድ ጀሪካን ገዝታ ብትመጣ እንኳ ግማሹን የምታውለው ጎመኑና ሰላጣው እንዳይጠወልግ ለመርጨት ነው። ያ ውኃ ከንጹሕ ቦታ ያልተቀዳ እንደ ሆነ፥ ትኩስ መስሎ የሚያብረቀርቀው ቅጠል ለቤተ ሰባችን የተቅማጥ መልእክተኛ ይሆናል።

ስለ መጸዳጃ ቤት መጻፍ አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ቅር ያሰኝ ይሆናል፤ ሆኖም ሳንናገር አናልፍም። መጸዳጃው ሩቅ ከሆነ ወይም ከሌለ፥ ሻጭዋ ቦታዋና ዕቃዋ እንዳይወሰድባት ስትል ቀኑን ሙሉ ሽንቷን ይዛ ትውላለች፤ ወደዚያ ላለመሄድም ውኃ መጠጣት ትተዋለች። ከዚህም የሽንት መሥመር ሕመም ይመጣባታል። በነፍሰ ጡር ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ለፅንሱም ይተርፋል። በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን በሽንኩርቱ አጠገብ ቢጸዳዳ የምትጠርገው በእጇ ነው፤ በዚያው እጅ የእኛን መልስ ትቈጥራለች።

ይህ ሁሉ የሚያስፈራው ኮሌራ አሁንም ከአገራችን ስላልጠፋ ነው። በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአዲስ አበባ ገብቶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በምዕራብ ጎንደር በቋራ ወረዳ ለጠበል በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል በሽታው ተነሥቷል። የኮሌራ ተሕዋስያን ወደ ሆድ ከገቡ በኋላ ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ሕመሙ ይጀምራል። ይሁን እንጂ ተሕዋስያኑን ከያዙት ሰዎች የሚበዙት ምንም ሳያማቸው ከ1 እስከ 10 ቀን ድረስ በዓይነ ምድራቸው ያወጡታል። ስለዚህ የሰውን መልክ አይቶ «ይህች ጤነኛ ናት» ማለት አይቻልም። የሚያድነው የሁሉም እጅ መታጠቡ ነው።

«ታዲያ ሻጮቹን ማንሣት አይሻልምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ በሌላ አገር ተሞክሯል። በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ኮሌራ በገባ ጊዜ፥ በ2010 ዓ.ም. ገበያዎች ተዘጉ፤ የመንገድ ሻጮችም በጦር ሠራዊት ርዳታ ተነሡ። መንገዱ ለጊዜው ጸዳ። ነገር ግን የውኃውና የመጸዳጃው ጉድለት በዚያው ስለ ነበረ፥ በ2016 ዓ.ም. በሽታው ከፊተኛው በርትቶ ተመለሰና በአገሪቱ ከ700 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ።

የከተማ ኀላፊነት በጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። የከንቲባ ማዕርግ ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፥ በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74ም ማዘጋጃ ቤቶችን በሕግ አቁሟል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒታሪያኖችን ማሠልጠን የጀመረው፥ በሽታን በሐኪም ቤት ብቻ ሳይሆን በጕድጓድ ውኃና በገበያ ሜዳም ለመዋጋት ነበር። እንግዲህ ማንኛውም ከተማ የቦታ ኪራይ ተቀብሎ ደረሰኝ ከሰጠ፥ በዚያ ደረሰኝ ልክ ለሻጭዋ የሚመልሰው አገልግሎት ሊኖር ይገባል። ቅጣትና ኪራይ ብቻ የሚያውቅ ገበያ ንጹሕ ሊሆን አይችልም።

የሚያስፈልገው ነገር ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዷ ሻጭ ቍጥር የተጻፈበትና የማይወሰድባት ቦታ፤ ከመሬት እስከ ጕልበት ከፍ ያለ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ጠረጴዛ፤ ቧንቧው በማይመጣበት ቀን የሚሞላ ባለ ቡሽ በርሜልና ሳሙና፤ ለሴቶች የተለየ፥ መቀርቀሪያ ያለው መጸዳጃ፤ ቆሻሻውም ከመምሸቱ በፊት የሚነሣበት ጋሪ። ከእነዚህ ሁሉ እኛ የምናስቀድመው ቍጥሩን ነው፤ ዋጋው አንድ ጣሳ ቀለም ብቻ ሲሆን፥ ሻጭዋ ቦታዋ መሆኑን ካረጋገጠች ጠረጴዛውን ራሷም ልታሠራው ትችላለችና።

መምህራን ሆይ፥ ከተማሪዎቻችሁ ብዙዎቹ የእነዚህ ሴቶች ልጆች ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከእነርሱ ጋር ወደ ገበያ ውረዱና የውኃውን ቧንቧ፥ የመጸዳጃውን በር፥ በመሬት ላይ የተቀመጡትንም ሻጮች ቍጠሩ፤ ከሽንኩርት ተራ እስከ መጸዳጃው ስንት እርምጃ እንደ ሆነ ለኩ። የተቈጠረውን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ አንዱን ለማዘጋጃ ቤቱ፥ አንዱን ለጤና ጽሕፈት ቤት ስጡ። የክረምቱ ዝናብ ሳይበረታ፥ እስከ ግንቦት መጨረሻ ቢደርስ መልካም ነው።