ተረትና እውነታ፦ ርቀትና የበረራ ሰዓት፣ ከመካነ ሰላም እስከ ዋሽንግተን

ስለ አየር ጉዞ በሰፊው ከሚታመኑት ነገሮች አንዱ፣ በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት ከታወቀ የበረራው ሰዓት በማካፈል ብቻ ይገኛል የሚለው ነው። እዚህ ላይ የሚጠቀሰው «የአየር ርቀት» በምድር ክብ ገጽ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚሰመር አጭሩ መስመር ሲሆን፣ ይህ መስመር ገደልም ሆነ ነፋስ አይገደውም። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ መካነ ሰላም ከጎጃሟ መርጡለ ማርያም በአየር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ብትርቅም፣ በመካከላቸው የዓባይ በረሃ ስላለ መንገደኛው ከቦረና ደጋ እስከ ወንዙ ወርዶ ያንኑ ያህል አቀበት መውጣት ግድ ይለዋል። ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያም የአየሩ ርቀት 110 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአቀስታ በኩል ደሴ የሚያደርሰው መንገድ ግን ብቻውን ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

በአየርም ቢሆን ማካፈሉ አያዋጣም። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ለሚበር ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ሒሳቡ 23 ደቂቃ ቢሰጥም፣ የበረራ ሰሌዳው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ያለውን ጊዜ፣ መውጣቱንና መውረዱን ጨምሮ ስለሚቆጥር፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይይዝለታል። ማረፊያው በዓለም አቀፍ መዝገብ ባለ ሦስት ፊደል መለያ ካለው በረራ አለ ማለት ነው የሚለውም ስሕተት ነው፤ ለመካነ ሰላም የተሰጠው «ኤም ኬ ኤስ» አድራሻ እንጂ የጉዞ ዋስትና አይደለም።

ሩቅ ጉዞ ሲመጣ ደግሞ ካርታው ራሱ ያሳስታል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ መስመር ሰሃራን አቋርጦ አጋማሹ ላይ ከአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ ባሻገር ውቅያኖስ ላይ ሲወድቅ፣ የእውነተኛው አጭር መንገድ አጋማሽ ፖርቱጋል ላይ ነው።

መሄጃውና መመለሻው እኩል ይፈጃል የሚለው እምነት ከሁሉም ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር የክንፉንም የሞተሩንም ጉልበት ስለሚቀንስ፣ አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛና እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ በአንድነት ይዞ መነሣት ይከብደዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚያ ሲሄድ፣ ለዓመታት በደብሊን እንዳደረገው፣ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ በዚያ ላይ በከፍታ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚገፋ፣ መመለሻው ያለ ማቋረጥ በ13 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ምድር ከሥር ስለምትዞር ወደ ምዕራብ መብረር ይፈጥናል የሚለው አባባል መሠረት የለውም፤ አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራልና።

የቀረው የሰዓት ነገር ነው። በአሜሪካ የክረምት ወራት በዋሽንግተን 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ በአዲስ አበባ 08:00 የሚያርፍ አውሮፕላን 21 ሰዓት የበረረ ይመስላል፤ 8ቱ ግን የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት ነው። በትኬት ላይ የሚታተመው 08:00 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በመሆኑ፣ ዘመዱን ለመቀበል ከመካነ ሰላም ቦሌ ድረስ የመጣ ሰው ቁጥሩን ከቀኑ 8 ሰዓት አድርጎ ካነበበው ስድስት ሰዓት ይዘገያል።