ከክብሪት እንጨት የቀጠነ ስህተት

ማታ ወደ ደጅ ሲወጡ አንድ የክብሪት እንጨት ይያዙ። ክንድዎን ወደ ሰማይ ዘርግተው አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑና እንጨቱ ምን ያህል ሰማይ እንደሚጋርድ ይዩ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከዚያም የምትቀጥን ስህተት ናት፤ ስምንት ደቂቃ። ደቂቃ ስል የሰዓቱን አይደለም፣ አንድ ዲግሪ ለ60 ሲከፈል የሚገኘውን የማዕዘን መለኪያ ነው። ሙሉ ጨረቃ 30 ደቂቃ ገደማ ስለምትሰፋ ስምንት ደቂቃ የጨረቃ ሩብ ያህል ነው። ዮሐንስ ኬፕለር ይህችን ታህል ስህተት አላልፍም በማለቱ ሁለት ሺህ ዓመት የቆየ እምነት ፈረሰ።

የሥርዓተ ፀሐይ ነገር ሲወራ ወሬው ብዙ ጊዜ የድፍረት ወሬ ይሆናል። ኮፐርኒከስ ፀሐይን መሃል አስቀመጠ፣ ጋሊሊዮ በ1633 ሮም ላይ ተፈረደበት፣ እውነት ግን አሸነፈች። ሐሰት አይደለም፤ ግን ዋናው ሥራ የተዘለለበት ወሬ ነው። የኮፐርኒከስ መጽሐፍ በ1543 ሲታተም ፕላኔቶቹ አሁንም በክብ ላይ ይዞሩ ነበር። ሰማያዊ ነገር ፍጹም ነው፣ ፍጹም ቅርጽ ደግሞ ክብ ነው የሚለውን የግሪኮች ሐሳብ እሱም አልተወውም። አንድ ክብ ብቻውን ከሚታየው ጋር አልገጥም ሲለው በክቡ ላይ ሌላ ትንሽ ክብ ይጨምራል። በዚህም ምክንያት አዲሱ ሥርዓት ፕላኔቶች የት እንደሚገኙ በመተንበይ ከጥንቱ ከበጥሊሞስ እጅግ የተሻለ አልነበረም።

ሁለቱም ሥርዓቶች እንደሚስቱ በገዛ ዓይናቸው ካዩት አንዱ ቲኮ ብራሄ የተባለ የዴንማርክ መኳንንት ልጅ ነው። በ1563፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ጁፒተርና ሳተርን ሲቀራረቡ ተመለከተ። የፕላኔቶችን ቦታ የሚተነብየው የድሮው ሠንጠረዥ ቀኑን በአንድ ወር፣ በኮፐርኒከስ ላይ የተመሠረተው ደግሞ በጥቂት ቀናት ስቶታል። ልጁ ከዚህ የወሰደው ትምህርት ማን ልክ እንደሆነ መከራከር አልነበረም። መጀመሪያ መለካት ያስፈልጋል አለ። በኋላ የአገሩ ንጉሥ ቬን የምትባል ደሴት ሰጡት፤ እዚያም ከቤት ግድግዳ ጋር የተሠሩ ግዙፍ የማዕዘን መለኪያዎችን አቁሞ ሃያ ዓመት ያህል ሰማዩን ለካ። ቴሌስኮፕ ገና አልተፈለሰፈም፤ መሣሪያው ዓይን፣ ናስና እንጨት ብቻ ነው። ሆኖም ስህተቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም ነበር። (ሰው የሚያስታውሰው ግን በጎራዴ ጠብ የተቆረጠ አፍንጫውንና በምትኩ ያስገጠመውን ብረት ነው።)

ቲኮ መሬት ትዞራለች የሚለውን አልተቀበለም፤ ምክንያቱ ግን የሞኝ ምክንያት አልነበረም። መሬት የምትዞር ከሆነ ኮከቦቹን በጥርና በሐምሌ ከሁለት የተራራቁ ቦታዎች ስለምናያቸው አቀማመጣቸው ትንሽ ሊለዋወጥ ይገባል። ቲኮ ፈለገ፣ አላገኘም። ለውጡ በርግጥ አለ፤ ነገር ግን ኮከቦቹ እጅግ ሩቅ በመሆናቸው ለመለካት እስከ 1838 መጠበቅ አስፈለገ።

ኬፕለር ከቲኮ የሚለይ ሰው ነው። የደሃ ቤት ልጅ፣ በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን ያደከመው፣ በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ የሒሳብ መምህር የነበረ። በ1600 በፕሮቴስታንትነቱ ከግራዝ ተባረረ፤ በዚያው ዓመት ቲኮ ደሴቷን ለቅቆ ወደሚሠራበት ወደ ፕራግ አካባቢ ሄደ። ሁለቱ አልተስማሙም። ቲኮ የልኬት መዝገቦቹን እንደ ርስት ይሰስታቸው ነበር፤ ለኬፕለር የሰጠው የማርስን ሥራ ነው። ኬፕለርም በስምንት ቀን እጨርሰዋለሁ ብሎ ፎከረ። አምስት ዓመት ገደማ ፈጀበት። ቲኮ በጥቅምት 1601 ሲሞት ኬፕለር ወራሾቹ ልብ ሳይሉ መዝገቦቹን እጁ አስገባ፤ በኋላም ይህንኑ በደብዳቤው አልሸሸገም።

ዕጣው ማርስ መሆኗ ዕድል ነው። አውደ ነገሥት የሚያገላብጡ የአገራችን ሰዎች መሪህ የሚሏት ይህች ቀይ ፕላኔት፣ ምህዋሯ ከክብ የሚያፈነግጥና ሌሊቱን ሙሉ ልትታይ የምትችል ናት። ሜርኩሪ ከሷ ይበልጥ ታፈነግጣለች፤ ግን ከፀሐይ ብርሃን ስለማትርቅ ለመለካት አትመችም። ማፈንገጥ ስንል ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ ልብ ይበሉ። የማርስን ምህዋር ርዝመቱ አንድ ሜትር አድርገን ብንስለው ወርዱ ከርዝመቱ የሚያንሰው በ4 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዓይን የሚለይ ሰው አይገኝም። ጎልቶ የሚታየው የፀሐይ ቦታ ነው፤ ከመሃሉ 4.7 ሴንቲሜትር ያህል ፈቀቅ ትላለች።

ኬፕለርም እንደ ሌላው ሁሉ በክብ ጀመረ። ፀሐይን ከመሃል ፈቀቅ አድርጎ፣ ማርስን አንዴ አፍጥኖ አንዴ አዝግሞ፣ በእጅ እያሰላ ሰባ ጊዜ ያህል ሞከረ። በመጨረሻ ማርስ ከፀሐይ ተቃራኒ በሆነችባቸው ጊዜያት ከተወሰዱት ልኬቶች ጋር በሁለት ደቂቃ ልዩነት የሚገጥም ክብ አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ መጽሐፉን አትሞ ያርፍ ነበር። ኬፕለር ግን ያንኑ ክብ በሌሎች ልኬቶች ፈተነውና ስምንት ደቂቃ ሳተ። ስህተቱን በቲኮ ላይ መጣል ቀላል ነበር፤ በበጥሊሞስ ዘመን አሥር ደቂቃ እንኳ ከቁም ነገር አይቆጠርም። እሱ ግን ቲኮ ስምንት ደቂቃ አይሳሳትም አለ። ያ ሁሉ ሥራው እንዲፈርስ ፈቀደ፤ ለዘመዱ ሳይሆን ሲያስቸግረው ለነበረ ሰው ልኬት ሲል።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ማርስን ትቶ የቆመባትን መሬት መረመረ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማርስ ፀሐይን ዞራ ወደ ነበረችበት የምትመለሰው በ687 ቀን ነው። መሬት ግን ሁለት ዙር ለመጨረስ 730 ቀን ይፈጅባታል። ስለዚህ በየ687 ቀኑ ማርስ ያው ቦታዋ ላይ ትገኛለች፣ እኛ ግን ሌላ ቦታ ነን። በጨለማ ሜዳ የሚሄድ ሰው፣ ከሩቅ አንድ ፋኖስና አንድ የእሳት ነበልባል ቢያይ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ማዕዘን እየለካ የራሱን መንገድ መሳል ይችላል። ማርስ ፋኖሱ፣ ፀሐይ ነበልባሉ ናቸው። ኬፕለር ከቲኮ መዝገብ 687 ቀን የተራራቁ ልኬቶችን እየለቀመ የመሬትን ምህዋር ከማርስ ሆኖ እንደሚያይ ሰው ሳለው።

የተገኘው ውጤት፣ መሬትም እንደ ማርስ ለፀሐይ ስትቀርብ እንደምትፈጥን፣ ስትርቅ እንደምታዘግም ነው። ይህን በቀን መቁጠሪያም መቁጠር ይቻላል፦ ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት የመስከረም ቀን እስከ መጋቢቱ 179 ቀን ያህል ነው፤ ከመጋቢቱ እስከ መስከረሙ ግን 186። መሬት ከፕላኔቶች አንዷ መሆኗ በልኬት የታየው፣ በእኔ አስተያየት፣ እዚህ ላይ ነው። ኬፕለር ከዚህ ተነስቶ ፕላኔትንና ፀሐይን የሚያገናኝ መስመር በእኩል ጊዜ እኩል ስፋት እንደሚጠርግ አወቀ። ፕላኔቶችን የሚያንቀሳቅስ ኃይል ከፀሐይ ይወጣል ብሎም ጠረጠረ። ኃይሉ ማግኔት መሰለው፤ እዚያ ላይ ተሳሳተ። ኃይሉ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የተገኘው በ1687 ከኒውተን ነው።

ወደ ማርስ ሲመለስ ክብ እንደማይሆን ገብቶታል። እንቁላል የሚመስል ቅርጽ ሞከረ፣ ብዙ ወራት አባከነበት። አንድ ቀን ከክቡ የጎደለው ከመቶ ሺህ 429 ክፍል፣ ከሌላ የማዕዘን ስሌት ከሚያውቀው ቁጥር ጋር አንድ ሆኖ አየው። ከእንቅልፍ እንደነቃሁ ሆንኩ ይላል። ቅርጹ ሞላላ (ኤሊፕስ) ነበር። ያን ሞላላ እንቁላሉን ለማስላት እንደ መሣሪያ ሲጠቀምበት ከርሟል፤ መልሱ መሆኑን አላወቀም እንጂ። ግኝቱ በ1609 ሲታተም ለሚያገለግለው ንጉሠ ነገሥት ማርስን እንደ ጦር ምርኮኛ አድርጎ አቀረበለት።

ኬፕለር በዚህ ሥራ ላይ የቆሙትን ሠንጠረዦች በ1627 ጀርመን፣ ኡልም ላይ አሳተመ። ከሁለት ዓመት በኋላም ሜርኩሪ በኅዳር 1631 በፀሐይ ፊት እንደምታልፍ ለዓለም አስታወቀ፤ ይህን ማንም ሰው አይቶ አያውቅም ነበር። ቀኑ ሲደርስ ፒየር ጋሰንዲ የተባለ ፈረንሳዊ ቄስ ፓሪስ ውስጥ ጨለማ ክፍል ገብቶ የፀሐይን ምስል በነጭ ወረቀት ላይ ጣለ። አንዲት ጥቁር ነጥብ አየ። ከጠበቀው እጅግ ስላነሰች የፀሐይ ጉድፍ መሰለችው። ጉድፍ ግን እንዲያ አይሮጥም፤ ነጥቧ በወረቀቱ ላይ ትጓዝ ነበር። ኬፕለር ከሞተ ዓመት ሊሞላው ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር።