የቤታችን ፎልደር ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ባለፈው ዓመት እናቴ ታማ ነበር። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ የምርመራ ውጤቷን ለሚያውቀው ሐኪም ላሳይ ስላለኝ፣ ወረቀቶቹን በስልኬ አንስቼ ጎግል ድራይቭ ላይ ባለው የቤተሰብ ፎልደራችን ውስጥ አስገባሁ። ሊንኩን ደግሞ 32 ዘመድ ባለበት የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት። ለሁሉም በየተራ ከመላክ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የእናቴ የእድር ጓደኛ ቤት ድረስ መጥታ «እግዜር ይማርሽ፣ ሰማን እኮ!» አለቻት። እናቴ ውጤቱን ገና አልሰማችም። እኛ ልጆቿ እንዴት እንደምንነግራት ስንመካከር ወሬው ቀድሞን ደረሰ። በማንም አልፈርድም፤ በሩን ወለል አድርጌ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

የሚያሳፍረኝ ሥራዬ ማርኬቲንግ መሆኑ ነው። ቢሮ ስሆን የትኛውን ፋይል ማን እንደሚያይ ለይቼ ነው የማጋራው። ለድርጅቱ የዋጋ ዝርዝር የማደርገውን ጥንቃቄ ለእናቴ ገመና ነፈግኩት። እርስዎም የቤትዎን ፎልደር ዛሬ ማታ ከፍተው እነዚህን ይመልከቱ።

ለሊንክ ወይስ ለሰው?
ፎልደር ሲያጋሩ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ሊንኩ እጁ የገባ ሁሉ እንዲከፍተው መፍቀድ ነው። ሁለተኛው በኢሜይል አድራሻቸው የጋበዟቸው ሰዎች ብቻ እንዲገቡ ማድረግ ነው። ሊንክ ደግሞ ከአንዱ ግሩፕ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ለሠርግ ፎቶ ብዙም ላያሳስብ ይችላል፤ ለሕክምና ወረቀት ወይም ለቤት ካርታ ግን ሁልጊዜ ሁለተኛውን ይምረጡ።

ማየት ወይስ መለወጥ?
«ቪወር» ያሉት ሰው ፋይሉን ያያል። «ኮሜንተር» አስተያየት ይጽፍበታል። «ኤዲተር» ግን ይጨምራል፣ ይለውጣል፣ ከፎልደሩም ያወጣል። ባለቤቱ በሴቲንግ ካልከለከለው በቀር ሌላ ሰው መጋበዝም ይችላል። ለአብዛኛው ዘመድ «ቪወር» ይበቃዋል።

ሁሉን በአንድ ፎልደር አያጭቁ
ለፎልደሩ የሰጡት ፈቃድ ውስጡ ላሉት ፋይሎችም ይወርዳል። የእኔ ስህተት ይኸው ነበር፤ የልደት ፎቶና የምርመራ ውጤት አንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ለፎቶ፣ ለልጆች ትምህርት ቤት፣ ለቤት ሰነድና ለጤና የተለያየ ፎልደር ይክፈቱ። ሰዉ ከበዛብዎ በጎግል ግሩፕስ የጋራ አድራሻ ፈጥረው ፎልደሩን ለአድራሻው ያጋሩ። አዲስ አባል ግሩፑ ውስጥ ሲገባ ፎልደሩም ይከፈትለታል፤ ሲወጣም ይዘጋበታል።

ዝርዝሩን ይከልሱ
ልጅዎን ያስጠና የነበረው መምህር ሥራውን ካቆመ ቆይቶ ይሆናል፤ ስሙ ግን ዝርዝሩ ላይ አለ። የቤት ኪራይ ውሉን ያየው ደላላም እንዲሁ። በየጥቂት ወሩ «ሼር» የሚለውን ተጭነው ስሞቹን አንድ በአንድ ይዩ፤ ጉዳይ የሌለውን ያስወጡ። ነገር ግን ስሙን መሰረዝ ቀድሞ አውርዶ ያስቀረውን አይመልስም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ ነው። ስለዚህ ማሰብ የሚገባው ከማጋራት በፊት ነው።

ዛሬ እናቴ ደኅና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ በኋላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እማዬ፣ የጤናሽን ወረቀት ማን ይየው?» ብዬ ጠየቅኳት። ሦስት ሰው ጠራችልኝ። እኔ ሳልጠይቃት የፈቀድኩት ግን ለ32 ነበር። «ሌላው ሲደርስ ይሰማል» አለችኝና ቡናዋን ማፍላቷን ቀጠለች።

እርስዎም ማጋሪያውን ከመጫንዎ በፊት ባለጉዳዩን ይጠይቁ። ፎልደሩ የእርስዎ ቢሆንም፣ ገመናው የእሱ ነው።